ቁናው ሲቀየር፦ ከዳታቤዝ ዓምድ ወደ ኦብጀክት በሚደረግ ሽግግር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ላለ አንድ የእህል መጋዘን የሠራሁት ፕሮግራም አንድ ማለዳ ላይ 450,120 ኩንታል ማሾ አለን ብሎ ዘገበ። የመጋዘኑ ኃላፊ ደሴ ድረስ ደውለው፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀይሩ፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ማሾ ቦርከና ውስጥ ነው የከመርነው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» ብዬ ኮምፒውተሬን ከፈትሁ። ከአንዱ መጋዘን 450፣ ከሌላው 120 ኩንታል ነበረ። ፕሮግራሙ አልደመራቸውም፤ ጎን ለጎን ገጠማቸው።

የዳታቤዙ ዓምድ ኢንቲጀር፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር፣ መሆኑን አስቀድሜ አረጋግጬ ነበር። ያላየሁት፣ ዳታቤዙ ለየመጋዘኑ የሚያወጣው ድምር የራሱ ዓይነት እንዳለው ነው። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ የኢንቲጀር ዓምድን ሲደምር ውጤቱን ቢግኢንት፣ ማለትም ባለ 64 ቢት ቁጥር አድርጎ ይመልሳል። የኖድ ጄኤስ (የጃቫስክሪፕት ቋንቋን በሰርቨር ላይ የሚያስኬደው መሣሪያ) የተለመደው የፖስትግሬስ ማገናኛ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ክፍል፣ ደግሞ ጃቫስክሪፕት ባለ 64 ቢት ቁጥርን ሁልጊዜ በትክክል ሊይዝ እንደማይችል ስለሚያውቅ፣ ቢግኢንትን በጽሑፍ መልክ ያስረክባል። በሁለት ጽሑፎች መካከል የመደመር ምልክት ሲገባ ጎን ለጎን ይገጣጠማሉ። ማገናኛው ትክክል ነበር፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።

ገበያ የዋለ ሰው እንደሚያውቀው እህል ከቁና ወደ ጣሳ፣ ከጣሳ ወደ ጆንያ ሲገለበጥ ይፈስሳል። መረጃም ቢያንስ አራት ጊዜ ይገለበጣል፦ ከዳታቤዙ ዓምድ ወደ ማገናኛው፣ ከማገናኛው ወደ ክላሱ (ፕሮግራሙ መረጃን የሚይዝበት የኦብጀክት ንድፍ) መስክ፣ ከክላሱ ወደ ጄሰን (መረጃ በጽሑፍ የሚላክበት ቅርጽ) ወይም ወደ ሌላ የሚላክ ቅርጽ፣ ከዚያም ወደ ተቀባዩ ስልክ ወይም ኮምፒውተር። ከታች ያሉት ስህተቶች በእነዚህ መገልበጫዎች ላይ የሚደርሱ ናቸው። አብዛኞቹ ፕሮግራሙን አያቆሙትም፤ እኔን የሚያስፈሩኝም ለዚህ ነው።

ብርን በፍሎት መስፈር

ፍሎትና ደብል የሚባሉት ዓይነቶች ቁጥርን የሚይዙት በሁለትዮሽ ስሌት ነው። አንድ ሦስተኛ በአሥርዮሽ ተጽፎ እንደማያልቅ ሁሉ፣ አንድ አሥረኛም በሁለትዮሽ ተጽፎ አያልቅም። ስለዚህ 0.1 ሲደመር 0.2 በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች 0.30000000000000004 ይሆናል። ይህን ያልሰማ ፕሮግራመር የለም፤ ሰምቶም «ለሳንቲም ሽራፊ ማን ይጨነቃል» ብሎ ያልፋል።

ነገሩ ግን ሽራፊ ላይ አይቆምም። ባለ 32 ቢት ፍሎት የሚታመነው እስከ ሰባት አሃዝ ገደማ ነው። 1,234,567 ብር ከ89 ሳንቲም ቢያስገቡበት የሚይዘው 1,234,567.875 ነው፤ ወደ ሁለት አሃዝ ሲጠጋጋ 88 ሳንቲም ይሆናል። ከ16,777,216 በላይ ደግሞ ሙሉ ብር መዝለል ይጀምራል፤ 16,777,217 የሚባል ቁጥር በዚያ መስፈሪያ ውስጥ የለም። ሒሳብ ሹሟ አንድ ብር ፍለጋ ሌሊቱን ስታድር የሚያሳዝነው እርሷ አንዳች ያላጠፋች መሆኗ ነው።

መፍትሔው ዴሲማል፣ ማለትም ቁጥርን በአሥርዮሽ የሚይዘው ዓይነት፣ ነው፤ ይህም የታወቀ ነው። ደጋግሜ የማየው ግን ግማሽ መፍትሔ ነው። ዓምዱን ዴሲማል አድርገው በጃቫ ቋንቋ የተጻፈውን መስክ ደብል ይተዉታል። ወይም መስኩን ቢግዴሲማል (የጃቫ ዴሲማል) ያደርጉና ከደብል ይገነቡታል፤ በዚህ ጊዜ 0.1 ከነሽራፊ ጭራው ይገባል። ቢግዴሲማል ከጽሑፍ ይገንባ። ሌላም ወጥመድ አለው፦ ኢኳልስ በሚባለው ትእዛዝ ሲያነጻጽሩት 2.0 እና 2.00 የተለያዩ ናቸው ይላል፤ ኮምፔርቱ በሚባለው ሲያነጻጽሩት ግን እኩል ናቸው።

በፓይተን የዴሲማል ቁጥርን ወደ ጄሰን ለመለወጥ ሲሞክሩ መደበኛው መሣሪያ አልችልም ብሎ ስህተት ያወጣል። ደግ አደረገ። ብዙ ሰው ግን እንቢታውን ለማስቆም «ያልገባህን ሁሉ ፍሎት አድርገው» የሚል አንድ መስመር ይጨምርና በፊት በር ያባረረውን በጓሮ ያስገባዋል። ፍሎት ከማድረግ ጽሑፍ ማድረግ ይሻላል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ኤስኪውላይት የሚባለውን ትንሽ ዳታቤዝ ለሚጠቀሙ ደግሞ፦ ዓምዱን ዴሲማል ብለው ቢሰይሙትም ኤስኪውላይት ሽራፊ ያለውን ቁጥር የሚያስቀምጠው በደብል ነው። እዚያ እኔ ገንዘብን በሳንቲም ቆጥሬ በሙሉ ቁጥር አስቀምጣለሁ።

ቀኑን ከሰዓት፣ የኛን አቆጣጠር ከነሱ ማቀላቀል

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ለእኛ አገር ፕሮግራመር ከዚህ የባሰ የለምና።

መጀመሪያ የሦስት ሰዓቷ ጉዳይ። አንድ ገበሬ ማሾውን ያስረከበው የካቲት 30 ቀን 2016 ነው እንበል፤ በፈረንጆቹ ማርች 9፣ 2024። ዓምዱ ዴት ነው፤ ሰዓት የለበትም። ያው የኖድ ጄኤስ ማገናኛ ይህን ቀን ሲያነብ የዚያን ዕለት እኩለ ሌሊት፣ በኮምፒውተሩ የሰዓት ሰቅ፣ አድርጎ ኦብጀክት ይሠራል። ኦብጀክቱ ወደ ጄሰን ሲለወጥ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት፣ ይጻፋል። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ የሚጻፈው ማርች 8 ከምሽቱ 21 ሰዓት ነው። ተቀባዩ የመጀመሪያዎቹን አሥር ሆሄያት ቆርጦ ሲያሳይ ገበሬው ከአንድ ቀን በፊት አስረክቦ ይገኛል። አስቂኙ ነገር፣ ሰርቨሩ የሰዓት ሰቁ ዩቲሲ ሆኖ ውጭ አገር ከተቀመጠ ስህተቱ አይታይም፤ ደሴ ባለው የራስዎ ኮምፒውተር ላይ ግን ይታያል። ለሁለት ቀን «እኔ ጋ ብቻ ነው» እያልሁ የደከምሁበት ነገር ነው። ሰዓት የሌለው ቀን ሰዓት እንደሌለው ይጓዝ፤ ማገናኛውን ዴትን በጽሑፍ እንዲሰጥ ማዘዝ ይቻላል፤ በጃቫ ሎካልዴት የሚባለው ዓይነት ለዚህ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው የከፋ ነው። ጸሐፊው የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ በዴት ዓምድ ውስጥ ይጽፋል። 2016፣ 6፣ 30 ብሎ ሲያስገባ ዳታቤዙ ያለ ማንገራገር ይቀበላል፤ ለእርሱ ጁን 30፣ 2016 ነውና። 2016፣ 2፣ 30 ብሎ ጥቅምት 30ን ሲያስገባ ግን ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው አይቀበልም። ጳጉሜንንም አይቀበልም፤ 13ኛ ወር አያውቅም። ጸሐፊው ታዲያ ምን ያደርጋል? እንቢ ባለበት ቀን ፋንታ ዳታቤዙ የሚቀበለውን ቅርብ ቀን ያስገባል። ሥራውን መጨረስ አለበት፤ አልፈርድበትም። ከዓመት በኋላ በዚያ ዓምድ ውስጥ እውነተኛ የግሪጎሪያን ቀናት፣ ግሪጎሪያን የመሰሉ የኢትዮጵያ ቀናትና ተሸራርፈው የገቡ ቀናት አብረው ይኖራሉ፤ የሚለያቸው ምልክት የለም።

እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ በዳታቤዙ ውስጥ ግሪጎሪያን ብቻ፤ ሰው በሚያየውና በሚጽፍበት ገጽ ላይ የኢትዮጵያ ቀን ብቻ፤ መለወጫው በአንድ ቦታ ብቻ። ከአሮጌ መዝገብ የተገለበጠ፣ ቀኑ ጠፍቶ ወሩና ዓመቱ ብቻ የቀረ ነገር ሲያጋጥም ግን ወደ ዴት አላስገድደውም፤ ዓመት፣ ወርና ቀን በሦስት የቁጥር ዓምዶች ይገባሉ፣ ያልታወቀው ባዶ ይቀራል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ የነገረዎትን ሰው ቃል 03:00 ብለው ካስገቡት ሌሊት አስመጡት፤ 09:00 ነው።

ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ታይምስታምፕ የሚባለው የቀንና ሰዓት ዓምድ እስከ ጃንዋሪ 19፣ 2038 ብቻ እንደሚደርስም ይታወስ። የረጅም ጊዜ ብድር ማብቂያ ቀን ዛሬውኑ ሊያልፈው ይችላል።

ያልተለካውን ዜሮ ማለት

የእህሉ እርጥበት መጠን ያልተለካ ከሆነ ዓምዱ ናል ነው፤ ማለትም አናውቅም። በጃቫ መደበኛ የዳታቤዝ መገናኛ ጌትኢንት የሚለው ትእዛዝ ናልን ሲያገኝ 0 ይመልሳል፤ ባዶ እንደነበረ ለማወቅ ወዲያው ዋዝናል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚያ አማካይ ሲሰላ ያልተለካው እህል ሁሉ እንደ ደረቀ እየተቆጠረ አማካዩን ያወርደዋል። ባዶ ሊሆን ለሚችል ዓምድ ባዶ ሊሆን የሚችል መስክ ይስጡት። የጎ ቋንቋ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ናልን በተራ ኢንት ውስጥ ለማንበብ ሲሞክሩ ስህተት ብሎ ያቆምዎታል።

የዚህ ታናሽ ወንድም በማይኤስኪውኤል አለ። እዚያ ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት የሚይዝ ዓይነት) ማለት ታይኒኢንት አንድ (ትንሽ ሙሉ ቁጥር) ማለት ነው፤ የጃቫው ማገናኛም ይህን ዓምድ እንደ እውነትና ሐሰት አድርጎ ያነበዋል። በዚያ ዓምድ የተቀደዱ ጆንያዎችን ቁጥር ያስቀመጠ ሰው፣ ሦስት ጆንያ «እውነት» ሆኖ ይመለስለታል።

ትዝታን ባቲ ማድረግ

ይህን በወሎ ምሳሌ ካልነገርሁ አይጥመኝም። የዘፈን ክምችት የሚመዘግብ ፕሮግራም አለን፤ ቅኝቶቹን ፕሮግራመሮች ኢነም በምንለው የምርጫ ዝርዝር አስቀምጠናል፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። የጃቫ ፐርሲስተንስ (ኦብጀክትን ዳታቤዝ ውስጥ የማስቀመጥ) ደንብ፣ ሌላ ካላዘዙት በቀር፣ ኢነምን በተራ ቁጥሩ ያስቀምጣል፦ 0፣ 1፣ 2፣ 3። አንድ ቀን ሥርዓት ወዳድ ባልደረባ ዝርዝሩን በፊደል ተራ ያስተካክለዋል። ባቲ ወደ 0፣ ትዝታ ወደ 1 ይሄዳሉ፤ አምባሰልና አንቺሆዬ ካሉበት አይነቃነቁም። ዳታቤዙ ውስጥ አንዲት ቁጥር አልተነካችም፣ ስህተትም አልወጣም፤ ግን የትዝታው ዘፈን ሁሉ ባቲ፣ የባቲውም ትዝታ ሆነ። ሁለቱ ቅኝቶች ትክክል በመሆናቸው ለናሙና አምባሰልን ከፍቶ ያየ ሰው ሁሉም ደህና ነው ብሎ ይዘጋዋል። በስሙ ያስቀምጡት፤ ቦታ ለመቆጠብ ቁጥር ካስፈለገ ቁጥሩን ራስዎ ይስጡት።

መለያን እንደ ቁጥር መያዝ

የደሴ መደበኛ ስልክ በ033 ይጀምራል። በኢንቲጀር ዓምድ ሲገባ ፊት ያለው ዜሮ ይወድቃል። የማይደመርና የማይባዛ ነገር ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ ስልክ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የደረሰኝ ቁጥር።

ረጅም መለያ ደግሞ ከዳታቤዙ በሰላም ወጥቶ መንገድ ላይ ይበላሻል። ጃቫስክሪፕት በትክክል የሚቆጥረው እስከ 9,007,199,254,740,991 ነው። በ93 የሚያልቀውን 9,007,199,254,740,993 በጄሰን እንደ ቁጥር ቢልኩለት በ92 የሚያልቅ አድርጎ ያነበዋል፤ የሌላ ሰው መለያ ማለት ነው። ትዊተር በ2010 እ.ኤ.አ. መለያዎቹን ከቁጥሩ ጎን በጽሑፍም መላክ የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ፊደልን በባይት አለመቁጠር

አንድ የግዕዝ ሆሄ በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚለውጠው ስልት) ሦስት ባይት ይይዛል። በፖስትግሬስና በማይኤስኪውኤል ቫርቻር 20 የሚባል የጽሑፍ ዓምድ ማለት ሃያ ሆሄ ነው። ኦራክል በሚባለው ዳታቤዝ ግን፣ ካልቀየሩት በስተቀር፣ ቫርቻር2 20 ማለት ሃያ ባይት ነው፤ «መሐመድ ይማም» ከነክፍተቱ 22 ባይት ስለሆነ አይገባም። የማይኤስኪውኤል አሮጌው ዩቲኤፍ 8 ደግሞ እስከ ሦስት ባይት ብቻ ስለሚይዝ አማርኛው ያለ ችግር ይሠራል፤ ደንበኛው በአስተያየቱ መጨረሻ የሳቅ ምልክት ያስገባ ዕለት ግን ይሰበራል።

የዳታቤዙን ኦብጀክት እንዳለ ማስቀመጥና መላክ

ሰነፍ ቀን ላይ ሁላችንም አድርገነዋል። ገበሬው ርክክቦች አሉት፣ እያንዳንዱ ርክክብ ገበሬ አለው፤ ወደ ጄሰን ሲለወጥ አንዱ ሌላውን እየጠራ ማኅደረ ትውስታው እስኪያልቅ ይዞራል። ዙሩን ቢቆርጡትም የይለፍ ቃሉ ዓምድ አብሮ ይላካል። ለሚላከው ነገር የሚላኩት መስኮች ብቻ ያሉበት ሌላ ክላስ ይጻፉ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ያሰለቸኝ እንጂ ያጸጸተኝ ጊዜ የለም።

የጃቫ ኦብጀክትን በጃቫ በራሷ ሲሪያላይዜሽን (ኦብጀክትን ወደ ባይት መለወጫ) ባይት አድርጎ በብሎብ፣ ማለትም ጥሬ ባይት በሚይዝ፣ ዓምድ ማስቀመጥ ደግሞ የባሰ ነው። የክላሱን የእትም መለያ ራስዎ ካልሰጡት ጃቫ ከክላሱ ቅርጽ ታሰላዋለች፤ አንድ መስክ ሲጨመር መለያው ይለወጥና አሮጌው ሁሉ አይነበብም። ከዳታቤዙ ጋር በሕይወት የተሳሰሩ ነገሮችም፣ እንደ ግንኙነቱ ራሱና እንደ ሪዘልትሴት (የጥያቄው ውጤት) ያሉት፣ ጨርሶ ባይት አይሆኑም።

እኔ አሁን ፕሮግራም ይዤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ከመውረዴ በፊት አንድ አጭር ሙከራ አካሂዳለሁ፦ ወደ ዳታቤዝ መጻፍ፣ ማንበብ፣ ወደ ጄሰን መለወጥ፣ መልሶ ኦብጀክት ማድረግ፣ ከመጀመሪያው ጋር ማነጻጸር። የማስገባቸው እነዚህ ናቸው፦ ናል፤ ዜሮ፤ 1,234,567.89፤ በ93 የሚያልቀው ረጅም መለያ፤ በ033 የሚጀምር ስልክ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ እሱም ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ሆኖ መውጣት ያለበት፤ «መሐመድ ይማም»። መጨረሻ ላይ የሁለት መጋዘን ድምር፣ 450 እና 120።