የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪን በጊዜ እንዴት መለየትና መከላከል ይቻላል

ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 እስፔን፣ በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝቷል። በዝዋይና በመቂ አካባቢ ብዙ አምራቾች ተባዩን የሚለዩት ፍሬው ከተበሳ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ርጭቱ ብዙም አይረዳም።

ከመትከል በፊት ችግኙን መርምሩ፤ በማሳው ዙሪያ የበቀለውን አውጥና አስተናግርም ንቀሉ፣ ተባዩ በእነርሱም ላይ ይራባልና።

ከተከላ በኋላ ዋናው ሥራ ቅጠል ማየት ነው። የተጎዳውን ቅጠል ቀጥፋችሁ ወደ ፀሐይ አንሡት። ቀጭን፣ ጠመዝማዛ ነጭ መስመር ብቻ ከታየ፣ ያ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ቅጠል ሰርሳሪ ዝንብ ሥራ ነው። የቱታ ግን ሰፋ ያለ፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ ጠቃጠቆ ሲሆን በውስጡ ጥቁር ኩስ ተጠራቅሞ ይታያል። የቅጠሉን ስስ ቆዳ በእሾህ ብትገልጡት ጭንቅላቱ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ትንሽ ትል ታገኛላችሁ። ጠቃጠቆው ሲደርቅ ቡናማ ስለሚሆን በዋግ የተመታ ይመስላል፤ በዚህ ምክንያት ለተባዩ የፈንገስ መድኃኒት የሚረጭ አምራች አለ፤ ገንዘቡ በከንቱ ይባክናል። ፍሬው ላይ ደግሞ ከአረንጓዴው ክዳን ሥር ያለውን ቀዳዳ ፈልጉ።

ትሉ አድጎ የሚሆናት የእሳት እራት ሌሊት ስለምትበር፣ መድረሷን የሚያሳውቀው ፌሮሞን (ወንዶቹን የሚስብ የሴቷ ሽታ) የተንጠለጠለበት ሳፋ ነው። ሳፋውን ውኃ ሞልታችሁ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና ፌሮሞኑን ከውኃው ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ በሽቦ እሰሩ። በእኔ አስተያየት ከሙጫ ወጥመድ ይህ ይሻላል፤ ሙጫው አቧራ ሲይዝ ይደክማል። ሆኖም የሚያዙት ወንዶቹ ብቻ ስለሆኑ ወጥመዱን እንደ መቆጣጠሪያ እንጂ እንደ ሙሉ መከላከያ አትቁጠሩት።

ርጭት ካስፈለገ ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ጠልቆ ሳያድግ፣ የቅጠሉን ሁለቱንም ገጽ አዳርሱ። ተባዩ መድኃኒት ቶሎ ስለሚለምድ ማፈራረቅ ግድ ነው፤ ነገር ግን ማፈራረቅ ማለት የጠርሙሱን ስም መለወጥ አይደለም። ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ምርቶች አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ሊይዙ ስለሚችሉ፣ በምልክቱ ላይ በትንሹ የተጻፈውን የንጥረ ነገር ስምና ከለቀማ በፊት የሚጠበቀውን ቀን አንብቡ።

ለቀማው እንዳለቀ ግንዱን ነቅላችሁ ከተበሳው ፍሬ ጋር በላስቲክ ከረጢት አፉን አስራችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡ። ከገበያ የተመለሰ ባዶ ሳጥንም ሳይታጠብ ወደ ማሳ አይግባ። በዚያው መሬት ላይ በቀጣዩ ወቅት ሽንኩርት ወይም በቆሎ ትከሉ፤ ድንችና ደበርጃን ግን ለተባዩ ያው ቲማቲም ናቸው።