ስፖንሰር ላደረጋችሁት ልጅ ደብዳቤ ስትጽፉ

አራት ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ሳነብ ኖሬያለሁ። ሥራዬ ነበር። በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ከባህር ማዶ ስፖንሰሮች የሚመጣውን ደብዳቤ ለልጆቹ፣ የልጆቹን ደግሞ ለስፖንሰሮቹ እተረጉም ነበር። ገንዘቡን ወር ሳያዛንፍ የሚልክ ሰው ደብዳቤ ላይ ሲደርስ እጁ ይተሳሰራል። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

መጀመሪያ ይህን እወቁ፦ የምትጽፉት ለልጁ ብቻ አይደለም። ቢሮው ያየዋል፣ ተርጓሚው ያነበዋል፣ ከዚያ ሶሻል ወርከሯ ቤት ድረስ ወስዳ ስታነበው እናትም አያትም ጎረቤትም ተሰብስቦ ይሰማል። ስለዚህ ለቤተሰብ እንደምትጽፉ አስቡ። እናትን ስም ጠርቶ ሰላም ያለ ደብዳቤ ሲነበብ እናትየው ቀና ብላ ስትቀመጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ልጅን ከአንድ ረጂ ጋር በደብዳቤ ማገናኘት የቆየ ዘዴ ነው። ዛሬ ፕላን ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1937 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ለተጎዱ ልጆች ሲቋቋም ሐሳቡ ይኸው ነበር። አሁን ግን በብዙ ድርጅቶች ገንዘባችሁ ልጁ እጅ አይገባም። ከሌሎች ስፖንሰሮች ገንዘብ ጋር ተደምሮ ለትምህርት ቤት፣ ለውሃ፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለእናቶች የቁጠባ ቡድን ይውላል። እና እባካችሁ «የላክሁት ገንዘብ ደረሰህ?» ብላችሁ አትጻፉ። አንዴ ይህን ጥያቄ ሳነብ ልጁ እናቱን አየ፣ እናትየው ሶሻል ወርከሯን አየች። ነገሩን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብን።

«ምን ልግዛልህ?» የሚለውም እንደዚያው ነው። ጎረቤት ያለው ልጅ ስፖንሰር የለውም፣ ወይም ስፖንሰሩ ጽፎ አያውቅም። ስጦታ ማድረግ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ቢሮውን ጠይቁ፤ ልጁ ላይ ተስፋ አታስቀምጡ። ጉብኝትም እንዲሁ። አንዷ ስፖንሰር «በሚቀጥለው ዓመት መጥቼ አይሻለሁ» ብላ ጻፈች፤ በቅን ልብ ነው። ልጅቷ ግን ባገኘችኝ ቁጥር «ዓመቱ አልደረሰም?» ትለኝ ጀመር።

ታዲያ ምን ይጻፍ? ትንሽ ነገር። ውሻችሁ ጫማ መብላቱን፣ ልጃችሁ ብስክሌት ስትለማመድ መውደቋን፣ እናንተ በልጅነታችሁ ሒሳብ አልገባ ብሏችሁ እንደነበር። ይሄኛው ልጆቹን በጣም ያስቃቸዋል፤ ትልቅ ሰው ሒሳብ ሊከብደው እንደሚችል አያስቡም። ከሁሉም በላይ ልጁ ባለፈው የጻፈውን አንሱ። «ታናሽ እህትህ መራመድ ጀመረች?» የምትል አንዲት መስመር ከሁለት ገጽ ምክር ትበልጣለች። ግማሽ ገጽ ይበቃል።

ፎቶ ላኩ፣ ግን ከግድግዳ ወይም ከዛፍ ፊት የተነሳችሁትን። መኪናና ቤት ከጀርባ ሲታይ ልጁ ፊታችሁን ማየት ይተውና ዕቃ ይቆጥራል። አድራሻ፣ ስልክና የፌስቡክ ስም አትጻፉ። ቢሮው ይሰርዘዋል፤ ለናንተም ለልጁም ደህንነት ሲባል ነው።

ስለ ተርጓሚው ደግሞ እኔ ልማለድ። ፊደል አያይዛችሁ አትጻፉ። አሽሙርና የቃላት ጨዋታ ስትተረጎም ትሞታለች። የልጁን መለያ ቁጥር በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አስፍሩ፤ ገጾች ይነጣጠላሉ። ደብዳቤው ለመድረስ ወራት ሊወስድ ስለሚችል የበዓል ምኞት በጣም ቀደም ብላችሁ ላኩ።

መልሱ «ደህና ነኝ፣ ትምህርት ጥሩ ነው» ብቻ ሆኖ ቢመጣ አትቀየሙ። ለማያውቀው ትልቅ ሰው፣ ሌላ ትልቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ እያየው ነው የሚጽፈው። ሥዕል ካለበት ሥዕሉን እዩ፤ ወሬው እዚያ ነው።

ማቆም ግድ ሲሆን ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ኑሮ ይከብዳል፣ ሥራ ይጠፋል፤ ማንም አይፈርድባችሁም። ግን ደብዳቤ የተቋረጠበት አንድ ልጅ «ፈተና ስለወደቅሁ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። የመጨረሻዋን ደብዳቤ ጻፉ። ምክንያቱን በአጭሩ፣ ጥፋቱ የልጁ እንዳልሆነ ደግሞ በግልጽ። ለቢሮውም ቀደም ብላችሁ ንገሩ፤ ሌላ ስፖንሰር ለመፈለግ ጊዜ ያገኛል።