18 ሞላ ወይስ 18 ያዘ? ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመርጡ ወጣቶች ሲመዘገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኢትዮጵያ አንድ ወጣት የመጀመሪያ ድምፁን የሚያጣው ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ሳይሆን ከዚያ ሳምንታት ቀድሞ፣ በምዝገባው ወቅት ነው። ዕድሜው የደረሰው ወረቀቱ ስለማይመሰክርለት ይመለሳል። ያልደረሰው ደግሞ "ለምርጫው ቀን እደርሳለሁ" ብሎ ይጠብቃል። የሁለቱም ችግር አንድ ነው፦ ዕድሜ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው የዘመን አቆጣጠርና በየትኛው ማስረጃ እንደሚታይ አስቀድሞ ያስረዳቸው የለም።

ዕድሜን በድምፅ መስጫው ቀን መቁጠር

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ከታወቀ በኋላ ማስተካከያ የለውምና። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላ ኢትዮጵያዊ በሕግ መሠረት የመምረጥ መብት ይሰጣል። ዝርዝሩን የሚያስቀምጠው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ ዕድሜ የሚታየው በምዝገባው ዕለት እንደሆነ ይደነግጋል። መዝጋቢው ፊት በቀረባችሁበት ቀን 18 ካልሞላችሁ፣ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን 18 ብትሆኑም አትመዘገቡም።

በ2013ቱ ምርጫ እንየው። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ቀን ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በዚያ ዕለት 18 ዓመት ከ13 ቀን ሆኗታል። ግን ምዝገባው ከልደቷ በፊት ተዘግቶ ስለነበር መምረጥ አልቻለችም። ጎረቤቷ የሆነው፣ በመጋቢት 1995 መጀመሪያ የተወለደው ልጅ ግን ምዝገባው ሲካሄድ 18 ሞልቶት ስለነበር ተመዝግቦ መርጧል። በሁለቱ መካከል ያለው የሦስት ወር ልዩነት ነው፤ ልጅቷ ቀጣዩን ጠቅላላ ምርጫ ስትጠብቅ ግን ዓመታት ያልፋሉ።

ስለዚህ የምርጫ ቦርድ የጊዜ ሰሌዳ ሲወጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ምዝገባው የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን ነው። ልደታችሁ በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ከዋለ ዕድለኞች ናችሁ፤ በመክፈቻው ቀን አትሂዱ፣ ልደታችሁ እንዳለፈ ሂዱ። ቀድማችሁ ሄዳችሁ ብትመለሱም 18 በሞላችሁ ማግስት ተመልሳችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ። "አንዴ ተመልሻለሁ፣ አለቀ" ብሎ መቅረት ትልቅ ጥፋት ነው። በሌላ በኩል ልደታችሁ ከምዝገባው መዝጊያ በኋላ ከሆነ ምዝገባው ይራዘማል በሚል ተስፋ አትቀመጡ። በ2013 መራዘሙ እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ይራዘማል ማለት ግን አይደለም።

"18 ይዣለሁ" ሲሉ 18 እንደሞላ ማሰብ

በአማርኛ ዕድሜን በሁለት መንገድ እንናገራለን፤ ቤት ውስጥ ልዩነቱ ብዙም አያስቸግርም፣ ምርጫ ጣቢያ ላይ ግን ያስቸግራል። "18ኛ ዓመቱን ያዘ" የተባለ ልጅ የሞላው 17 ነው፤ አሥራ ስምንተኛውን ገና ጀመረ ማለት ነው። ሕጉ የሚፈልገው የሞላውን ነው። እናት "ልጄ 18 ውስጥ ነው" ስትል ብዙ ጊዜ የምትለው የያዘውን ነው። የቤተሰብን ቃል ይዞ ከመሄድ የተወለዱበትን ቀን፣ ወርና ዓመት ይዞ አሥራ ስምንት መደመር ይሻላል። ነሐሴ 12 ቀን 1999 የተወለደ ሰው 18 የሚሞላው ነሐሴ 12 ቀን 2017 ነው፤ ነሐሴ 11 ቀን ቢመጣ ገና ነው።

የኢትዮጵያንና የፈረንጁን አቆጣጠር ማደባለቅ

ፓስፖርት የትውልድ ቀንን በፈረንጆች አቆጣጠር ይጽፋል፤ የቀበሌ መታወቂያና የትምህርት ቤት ሰነድ በብዛት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ፋይዳ በተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ላይ ሁለቱም ይገኛሉ። በምዝገባ ወቅት የሚፈጠረው ስህተት ከዚህ ይጀምራል። በፈረንጆች 2007 የተወለደ ልጅ ፓስፖርቱን ብቻ አይቶ "2007" ብሎ ቢናገርና መዝጋቢው እንደ ኢትዮጵያ ዓመት ቢወስደው፣ በ2018 ዓ.ም. የ11 ዓመት ልጅ ሆኖ ይታያል። በተቃራኒው በኢትዮጵያ 1999 የተወለደች ልጅ ዓመቷ እንደ ፈረንጅ ከተነበበ ስምንት ዓመት ገደማ ይጨመርባታል። የመጀመሪያው ያስመልሳል፤ ሁለተኛው ደግሞ መዝገቡ ላይ የተሳሳተ ዕድሜ ይተክልና ኋላ ከመታወቂያዋ ጋር አይገጥምም።

የመቀየሪያው ስሌት ቀላል ነው፣ ግን በግማሹ ብቻ የሚታወስ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ፣ ማለትም እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ድረስ፣ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይሆናል። ሁሉንም በ8 የሚቀንስ ሰው በመስከረም፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር ከተወለደ ራሱን በአንድ ዓመት ያስረጃል፤ ሁሉንም በ7 የሚቀንስ ደግሞ በየካቲት ወይም በግንቦት ከተወለደ ራሱን በአንድ ዓመት ያሳንሳል። ዕድሜው 18 ድንበር ላይ ላለ ወጣት ያቺ አንድ ዓመት ሁሉም ነገር ናት።

ከዓመቱ ሌላ አንዲት ቀን የምታሳስት ነገር አለች። የእኛ አዲስ ዓመት ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን ግን ወደ 12 ይገፋል። የኢትዮጵያ ሚሊኒየም መስከረም 1 ቀን 2000 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ስለዚህ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2007 የተወለደ ልጅ የሚሊኒየም ልጅ አይደለም፤ ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ነው የተወለደው። በትክክል በሚሊኒየሙ ዕለት የተወለዱት ደግሞ 18 የሞላቸው መስከረም 1 ቀን 2018 ነው። ከምዝገባው በፊት ቀናችሁን በሁለቱም አቆጣጠር በትክክል ቀይራችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ስትጠየቁም "በኢትዮጵያ አቆጣጠር" ወይም "በፈረንጆች" የሚለውን አትዝለሉት።

የማይስማሙ ሰነዶችን ይዞ መሄድ

አንዱ ወረቀት 1999፣ ሌላው 2001 የሚልባቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ይህ የግድ ማጭበርበር አይደለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ቢያዝም፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ዕድሜው የተጻፈው ትምህርት ቤት ሲገባ በግምት፣ ወይም ክርስትና በተነሳበት ቀን፣ ወይም ኋላ ዘግይቶ በወጣ የልደት ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ሰነዶቻችሁን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጡና ቀን፣ ወር፣ ዓመትና የስም አጻጻፍ አወዳድሩ። ልዩነት ካለ የሚታረመው ምርጫ ጣቢያ ላይ ሳይሆን ሰነዱን በሰጠው አካል ነው፤ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ምዝገባ እስኪከፈት መጠበቅ አያዋጣም። የሚመቸውን ወረቀት መርጦ፣ እውነተኛ እንዳልሆነ እያወቁ ማቅረብ ግን ፈጽሞ አይደረግም። ዕድሜን ዋሽቶ መመዝገብ ስሙን ከመዝገብ ያሰርዛል፣ በሕግም ያስጠይቃል።

መታወቂያን ለመጨረሻው ሳምንት መተው

የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው 18 ለሞላው ነው። ለአዲስ መራጭ ይህ ጠባብ መንገድ ነው፤ ልደቱ በምዝገባው መሃል ከሆነ መታወቂያም የመራጭነት ካርድም በአንድ ሰሞን ማግኘት አለበት። ቀበሌ (በአዲስ አበባ ወረዳ) ስትሄዱ ፎቶግራፍ፣ የልደት ማስረጃ፣ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ መኖር ሊጠየቅ ስለሚችል ምን እንደሚፈልጉ ከልደታችሁ አንድ ወር ቀድማችሁ ጠይቁ። ከቀበሌ መታወቂያ ሌላ ፓስፖርትና ሌሎች ማንነትን የሚገልጹ ሰነዶች ያገለግላሉ። ምንም ሰነድ የሌለው ሰው ደግሞ በአካባቢው በሚያውቁት ሰዎች ምስክርነት የሚመዘገብበት መንገድ አለ። መታወቂያ የለኝም ብላችሁ ቤት አትቅሩ፤ የምዝገባውን መመሪያ በተመለከተ ሂዱና መዝጋቢውን ጠይቁ።

ስድስት ወሩን መርሳት

ዕድሜ ብቻውን አይበቃም። አዋጁ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል። ይህ ወጣቱን በተለይ ይነካዋል፤ 18 የሚሞላበት ወቅት ለሥራ ወይም ለትምህርት ከቤት የሚወጣበት ወቅት ነውና። እዚህ ላይ "ምርጫ ክልል" እና "ምርጫ ጣቢያ" አይምታቱባችሁ። ክልሉ ተወካይ የሚመረጥበት ሰፊ አካባቢ ሲሆን ጣቢያው የምትመዘገቡበትና ድምፅ የምትሰጡበት ቦታ ነው። በአንድ ምርጫ ክልል ውስጥ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ብትዛወሩ የስድስት ወሩ ቆጠራ እንደ አዲስ አይጀምርም። ወደ ሌላ ምርጫ ክልል ከሄዳችሁ ግን ይጀምራል። በግቢ የምትኖሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የት እንደምትመዘገቡ ምዝገባው እንደተከፈተ ጠይቁ። ለደኅንነት ብሎ ወላጆች ጋርም ግቢ ውስጥም መመዝገብ ግን የተከለከለ ነው፤ አንድ ሰው የሚመዘገበው በአንድ ጣቢያ ብቻ ነው።

ፋይዳ ካለኝ ተመዝግቤያለሁ ማለት

ፋይዳ ማንነትን ያሳያል፤ መራጭ አያደርግም። የመራጮች ምዝገባ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የእናንተን ቦታም እናት፣ ወንድም ወይም ጓደኛ ሊይዝላችሁ አይችልም።

የሌላ አገር ሕግ መከተል

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ "17 ዓመት ሆኖ መመዝገብ ይቻላል" የሚል ነገር ይዞራል። ይህ አሜሪካን በተመለከተ እውነት ነው፤ ብዙ ግዛቶች በምርጫው ቀን 18 የሚሞላውን የ17 ዓመት ልጅ ይመዘግባሉ፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ16 ጀምሮ ቅድመ ምዝገባ ትፈቅዳለች። ኦስትሪያ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ16 ታስመርጣለች። አንዳቸውም ለእኛ ምርጫ አይሠሩም። በውጭ ተወልዳችሁ የሌላ አገር ዜግነት ካላችሁም፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ብዙ መብት ቢሰጥም የመምረጥን መብት አይጨምርም።

ሌላው የሚምታታው ዕጩነት ነው። ለመምረጥ 18፣ ለመወዳደር ግን 21 ዓመት ያስፈልጋል።

ካርዱን ሳያነቡ ኪስ ውስጥ መክተት

የመራጭነት ካርዳችሁን ስትቀበሉ ከጠረጴዛው ሳትርቁ አንብቡት፦ ስም ከነአባትና አያት፣ ዕድሜ፣ የምርጫ ጣቢያው ስም። የፊደል ስህተት እዚያው በደቂቃ ይታረማል። ምዝገባው ሲያበቃ መዝገቡ ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል፤ ያን ጊዜም ሄዳችሁ ስማችሁን ፈልጉ። ስማችሁ ከጠፋ ወይም ዕድሜያችሁ ተሳስቶ ከተጻፈ አቤቱታውን ለምርጫ ጣቢያው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ አቅርቡ፣ የመልሱንም ቅጂ ያዙ። በውሳኔው ካልረካችሁ ወደሚቀጥለው እርከንና ወደ ፍርድ ቤት የምትሄዱት ያንን ቅጂ ይዛችሁ ነው።