ሀ ሁ የሸመደደ፣ ግን ማንበብ ያቃተው ልጅ ካላችሁ

«ሀ ሁ ሂ»ን በቃሉ የሚያንበለብል፣ ከመሀል አንድ ፊደል ስትጠቁሙት ግን ዝም የሚል ልጅ አለ? ራፕ ሞክሩ።

በሚያውቀው ሰፈር አጭር ግጥም ጻፉለት። የየስንኙን የመጨረሻ ፊደል ባዶ ተዉት፦

ከፒያሳ ታክሲ ያዝ_
አራት ኪሎ ላይ ወረድ_
ትኩስ ዳቦ ገመጥ_

ቢት (ራፕ የሚደረግበትን የሙዚቃ ምት) ክፈቱ። በጣቱ እየተከተለ ራፕ ያድርግ፤ ባዶዋ ላይ ሲደርስ «ኩ»ን ይጻፍ። ቀጥሎ «እኔ»ን ወደ «አንተ» አስቀይሩት፤ ሁሉም «ክ» ይሆናል። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የድምፁን ለውጥ በጆሮው ሰምቶ ወዲያው በፊደሉ ቅርጽ ላይ ያየዋል። ምቱ ደግሞ ሳይሰለች ያስደጋግመዋል።

ቢቱ ዘፋኝ የሌለበት ይሁን። በ1973 እ.ኤ.አ. በኒውዮርኩ ብሮንክስ ውስጥ የራፕ መነሻ የሆነው ሂፕሆፕ ሲጀመርም ዲጄው እየደጋገመ የሚያስረዝመው ከበሮው ጎልቶ የሚሰማበትን ክፍል ነበር። ለሚናገር ሰው ቦታ ይተዋላ!

«ሰ»ን ከ«ሠ»፣ «ሀ»ን ከ«ሐ» ለማስለየት ግን አትጠቀሙበት። ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ጆሮ አይረዳም። ግጥሙን ወረቀቱን ሳያይ ማለት ከጀመረም ቶሎ በሌላ ቀይሩት፤ ያኔ እያነበበ አይደለም።