በብርሃን የሚጠነክሩ ፖሊመሮችን ለኦሌድ ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኦርጋኒክ ብርሃን አመንጪ ዳዮድን (ኦሌድን) ከፈሳሽ ሙሙት እየቀቡ ለመሥራት ሲሞከር መጀመሪያ የሚያጋጥመው ችግር፣ የሁለተኛው ሽፋን አሟሚ ከሥሩ ያለውን ሽፋን መልሶ ማሟሟቱ ነው። በብርሃን የሚጠነክሩ ፖሊመሮች (ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠሩ ቁሶች) የተፈለጉትም ለዚህ ነው፤ አልትራቫዮሌት ሲያርፍባቸው ሰንሰለቶቻቸው እርስ በርስ ተሳስረው የማይሟሙ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ኦክሴቴን የተባለውን ባለ አራት አቶም የሞለኪውል ቀለበት የተሸከሙ ፖሊመሮችን በዚህ መንገድ በማጠንከር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ፒክስሎችን ጎን ለጎን መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ሽፋኑ አልሟሟም ብሎ ሥራውን እንደተጠናቀቀ መቁጠር ነው። ኦክሴቴን እንዲተሳሰር አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን ሲነካው ጠንካራ አሲድ የሚሰጥ የኦኒየም ጨው ይጨመራል። አሲዱ ቀለበቱን ከፍቶ ሰንሰለቶቹን ካያያዘ በኋላ ግን የጨው ስብርባሪና አየኖች (ቻርጅ የተሸከሙ ቅንጣቶች) በሽፋኑ ውስጥ ይቀራሉ፤ እነዚህም የኤሌክትሪክ ቻርጅን ሊያጠምዱና ብርሃንን ሊያጠፉ ይችላሉ። በትራይአሪልአሚን (ናይትሮጂን ባለው ኦርጋኒክ ውሕድ) በተሠራ የቻርጅ አስተላላፊ ሽፋን ላይ ደግሞ ጨው አሚኑን ሊያኦክስደው፣ ማለትም ኤሌክትሮን ሊነጥቀው ስለሚችል፣ ሽፋኑ የሚመጠውን ብርሃን በሚያሳይ መለኪያ ላይ ቀድሞ ያልነበረ ጉብታ በረጅም ሞገድ በኩል ብቅ ይላል። ይህን ጉብታ ያየ ሰው ሊያልፈው አይገባም፤ የጨውን መጠን መቀነስ፣ ሽፋኑን በንጹሕ አሟሚ ማጠብና በናይትሮጂን ውስጥ ማሞቅ ያስፈልገዋል።

ማጠቡ ራሱ የመፈተኛ መንገድም ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ፈተናውን በደካማ አሟሚ በማድረጋቸው ነው። ቀጣዩ ሽፋን በክሎሮቤንዚን የሚቀባ ከሆነ ፈተናውም በክሎሮቤንዚን መሆን አለበት፣ የመምጠጥ መጠኑም ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ተለክቶ ሊነጻጸር ይገባዋል። ሽፋኑ ጥቂት አሥር ናኖሜትር ብቻ ውፍረት ስላለው በዓይን የማይታይ መሳሳት እንኳ መሣሪያውን ይለውጠዋል።

አልጠነከረ ይሆናል በሚል ስጋት ብርሃኑን ማብዛትም ሌላው ስህተት ነው። ሰማያዊ የሚያበራው ፖሊፍሎረን የተባለ ፖሊመር ኦክስጂን ባለበት ለአልትራቫዮሌት ሲጋለጥ ከፊሉ ፍሎረኖን ወደተባለ አረንጓዴ ወደሚያበራ ውሕድ ይለወጣል፤ ሰማያዊ ሊያበራ የተሠራው መሣሪያም አረንጓዴ እየቀላቀለ ያበራል፣ ቀለሙንም መመለስ አይቻልም። ስለዚህ መጋለጡ ኦክስጂንና እርጥበት ከአንድ ሚሊዮን አንድ ክፍል በታች በሆነበት ግላቭ ቦክስ (በጓንት የሚሠራበት ዝግ ሳጥን) ውስጥ ቢከናወን ይመረጣል፤ መብራቱም ፖሊመሩን በከንቱ ከሚያቃጥል ይልቅ ጨውን በሚያነቃቃ ሞገድ ላይ ማተኮር አለበት።

በብርሃን የሚጠነክር ሌላ የተለመደ ቁስ የሆነውን የአክሪሌትን ልማድ ወደ ኦክሴቴን ማዛወርም ያሳስታል። አክሪሌት የሚተሳሰረው በነጻ ራዲካል (ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ባለው ቅንጣት) በመሆኑ ኦክስጂን ያግደዋል። ኦክሴቴንን ግን የሚያግደው ኦክስጂን ሳይሆን ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) እና ብዙ እርጥበት ነው፤ መብራቱ ከጠፋ በኋላም አሲዱ ሥራውን ስለሚቀጥል ሽፋኑን በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቅ ትስስሩን ያጠናክረዋል። ይህን እርምጃ ዘልሎ ብርሃኑን በእጥፍ የሚጨምር ሰው ሊያተርፍ የሚችለው የፖሊመሩን መጎዳት ብቻ ነው።

ጨው የተጨመረበት ሙሙት በጨለማ ጠርሙስ ተቀምጦ በቢጫ መብራት ሥር ካልተሠራበት ደግሞ ገና ሳይቀባ መተሳሰር ይጀምርና ማጣሪያውን ይዘጋል።