ጀርመን ለትምህርት የሚሄድ አሜሪካዊ ተማሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለእኛ ለሀበሾች ፈረንጅ ሁሉ አንድ ይመስለናል። አሜሪካዊ ጀርመን ሲሄድ አጎቱ ቤት የሄደ ያህል ነው የምንቆጥረው። እኔም ፍራይቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ በተማሪዎች ማደሪያ እስክኖር ድረስ እንደዚያ አስብ ነበር። ጥቅምት በመጣ ቁጥር ወደ ኮሪደራችን አዳዲስ አሜሪካውያን ይገባሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሲስቁ ይሰነብታሉ። በአራተኛው ሳምንት በራቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። «እዚህ አገር ሰው አይወደኝም» ያሉኝ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያደጉ የሀበሻ ልጆች ነበሩ። ይበልጥ ሆዴን የበሉኝ እነሱ ናቸው። ለእነሱና ለመሰሎቻቸው ነው የምጽፈው።

«እንዴት ነህ?» ብሎ ማለፍ

አሜሪካ ውስጥ «ሃው አር ዩ» ሰላምታ ነው። የሱቅ ሻጩም፣ የአውቶቡስ ሾፌሩም ይለዋል። መልስ የሚጠብቅ የለም። የጀርመኑ «ቪ ጌትስ?» ግን ጥያቄ ነው። የሚጠየቀውም የሚያውቁት ሰው ነው።

ከኦሃዮ የመጣች አንዲት ልጅ የፊዚክስ ተማሪ የሆነውን ዝምተኛ ጎረቤታችንን ማዕድ ቤት በር ላይ አገኘችውና ጠየቀችው። ልጁ ቆመ። ትንሽ አሰበ። አያቱ ሆስፒታል መግባታቸውን ሊነግራት አፉን ሲከፍት እሷ ፈገግ ብላ ደረጃውን እየወረደች ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላም አላላትም። እሷ ምን እንዳጠፋች አታውቅም። እሱ ደግሞ የተቀለደበት መስሎት አዝኗል። ነገሩ የገባኝ ሁለቱም ለየብቻ ሲነግሩኝ ነው።

የእኛ ሰላምታ ከሁለቱም ይለያል። እኛ ረጅም ጊዜ እንጠያየቃለን፤ መልሱ ግን ያው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ጀርመኑ ካመመው አሞኛል ይላል። ስለዚህ ጊዜ ከሌላችሁ «ሃሎ» ይበቃል። ከጠየቃችሁ ግን ቁሙና ስሙ።

ፈገግታም እንዲሁ ነው። ባቡር ውስጥ ፈገግ ብትሉለት ዝም ብሎ የሚያያችሁ ሰው ፊት እየነሳችሁ አይደለም። ለማያውቀው ሰው ፈገግ ማለት ስላልለመደ ብቻ ነው።

«አንድ ቀን እንገናኝ» ማለት

ይህ አባባል ለአሜሪካዊው ደግነት ነው። ለጀርመኑ ቃል ነው። አብሯችሁ የሚማር ልጅ ይህን ሲሰማ ስልኩን አውጥቶ «ሐሙስ ይመችሃል?» ቢላችሁ አትደንግጡ። የማትፈጽሙት ከሆነ ከመጀመሪያውም አትበሉት። ሁለት ሦስት ጊዜ ብሎ የቀረ ሰው ወሬኛ ተብሎ ይታለፋል። ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጦ የጋበዘ ግን ብዙ ጊዜ እሺ ይባላል።

«ጓደኛ» የሚለው ቃልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጀርመኖች ትውውቅና ጓደኝነትን ይለያሉ። ለወራት አብረውት ምሳ የበሉትን ሰው እንኳ «ቤካንተር» ሊሉት ይችላሉ፤ የማውቀው ሰው ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ ሆድ የባሳቸው ልጆች አይቻለሁ። ቅር አትሰኙ። ሴት ልጅ ደግሞ ስለ አንድ ወንድ «ማይን ፍሮይንድ» ካለች ፍቅረኛዬ ማለቷ ነው። ተራ ጓደኛ ከሆነ «አይን ፍሮይንድ ፎን ሚር» ይባላል። በዚህች ትንሽ ልዩነት ብዙ ተሳቀው የሰነበቱ አሉ።

ሰዓትን በአንድ ሚዛን መመዘን

በትምህርት ፕሮግራሙ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ «ጼ ቴ» (c.t.) የሚል ምልክት ካለ ትምህርቱ የሚጀምረው ከተጻፈው 15 ደቂቃ ዘግይቶ ነው። የቆየ የዩኒቨርሲቲ ልማድ ነው። ይህን ያወቀ አዲስ ተማሪ ለእራት ሲጋበዝም 15 ደቂቃ ያረፍዳል። ይሄኔ ምግቡ ቀዝቅዞ፣ ሰዉ አኩርፎ ይጠብቀዋል። እራት ሲጋበዙ በሰዓቱ መድረስ ነው። በር ላይ ጫማ ማውለቅ እንዳለባችሁም ጠይቁ።

እሁድን እንደ ቅዳሜ ማሳለፍ

እሁድ ሱቅ ይዘጋል፤ ይህን ሁሉም ቶሎ ይማረዋል። ሰው የሚረሳው ጸጥታውን ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ እሁድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጫጫታ አይወደድም (ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ባዶ የወይን ጠርሙስ ወደ መንገድ ዳር ማጠራቀሚያው መወርወር እንኳ እሁድ ክልክል ነው። ጎረቤት መጥቶ ቢናገራችሁ ጥላቻ እንዳይመስላችሁ። ይቅርታ ጠይቁና ሙዚቃውን ዝቅ አድርጉት። በማግስቱም ሰላም ይላችኋል። የማዕድ ቤት የጽዳት ተራ ማሳለፍ ግን ከሙዚቃው ይልቅ ሰው ያስቀይማል።

ጥያቄን እንደ ስድብ መቁጠር

እዚህ ላይ ልቆይ። ጀርመኖች ማዕድ ላይ ይሉኝታ የላቸውም። በተዋወቃችሁ በ10ኛው ደቂቃ ስለ ጦር መሣሪያ፣ ስለ ሕክምና ወጪ፣ ማንን እንደመረጣችሁ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው ጥያቄ ከማያውቁት ሰው ሲመጣ ጠብ ይመስላል። እዚህ ክርክር ጨዋታ ነው። የተከራከራችሁት ልጅ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ እናንተ ሌሊቱን ስትብሰለሰሉ ታድራላችሁ። የማታውቁትን አላውቅም በሉ። የምታምኑበትን ተናገሩ። ማንም አሜሪካን ወክላችሁ እንድትከራከሩ አላዘዛችሁም።

ለሀበሻ ልጆች ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። «ከየት ነህ?» «ከሜሪላንድ።» «አይ፣ በትክክል ከየት?» ይህ ያማል። ያማል ስል ከልቤ ነው፤ ብዙዎቹ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አይቻለሁ። ጠያቂው አንዳንዴ የማወቅ ጉጉት ብቻ ያለው ሰው ነው፤ ለእሱ ስለ ሁለቱም አገር መንገር ጥሩ ጨዋታ ይከፍታል። አንዳንዴ ግን ቅንነት የለውም። ያን ጊዜ «ነገርኩህ እኮ» ብሎ ወሬ መቀየር ይቻላል። ለሁሉም መልስ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም።

በእንግሊዝኛ ብቻ መኖር

አሜሪካውያኑ ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ተሰብስበው ይበላሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ተሰብስበው ፓሪስ ይሄዳሉ። ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። የጀርመን ወጣቶችም አያግዙም፤ አነጋገራችሁን ሲሰሙ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። «ጀርመንኛ መለማመድ እፈልጋለሁ» በሏቸው። አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ሌላ ነው። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ዓይነት ሰዎች ጋር መገናኘት። ዩኒቨርሲቲዎቹ በርካሽ የሚከፈቱ የስፖርት ኮርሶች አሏቸው፤ መዘምራንም አሉ። ጀርመኑ ሲደጋግም ያየውን ሰው ነው የሚያምነው። በሦስተኛው ሳምንት ስማችሁን ይጠራል። በስድስተኛው ሳምንት ከልምምድ በኋላ ቢራ እንጠጣ ይላል። ጽዋ ስታጋጩ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ይህን የዘለለ ሰው ወዲያው ይታረማል። ቢራና ወይን ከ16 ዓመት ጀምሮ የተፈቀደበት አገር ነው። አሜሪካ 21 ዓመት መጠበቅ ነበረባቸውና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ ልክ የሚጠጡ ልጆች አሉ። ጀርመኖቹ ዝም ብለው ያያሉ፤ ሁለተኛ ግን አይጠሯቸውም።

ማታ ማታ ስልክ ላይ መዋል

ይህን ስህተት ማንም አይነግራችሁም። ጀርመንና የአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የ6 ሰዓት ልዩነት አላቸው። ጀርመን ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ኦሃዮ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ቤተሰብ ነቅቷል፣ ጓደኛ ምሳ ላይ ነው፣ ስልኩ ይጠራል። በዚያው ሰዓት ደግሞ የኮሪደሩ ሰው ሁሉ ማዕድ ቤት ገብቶ ራት ያበስላል። ክፍላችሁ ውስጥ ሆናችሁ ስታወሩ ያመለጣችሁ ያ ነው። እናቶች፣ እባካችሁ ለልጆቻችሁ ዘግየት ብላችሁ ደውሉ። በጀርመን ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ቢሆን ያደርሳል።

የኦሃዮዋ ልጅ ስልኳን ወደዚያ ሰዓት አዛወረችና ማታ ማታ ማዕድ ቤት መቀመጥ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማንም ብዙ አላናገራትም። የፊዚክሱ ልጅ ፓስታ ሲቀቅል አንድ ቀን ሳህን አቀበላት። የካቲት ላይ ስትሄድ ሻንጣዋን ብስክሌቱ ላይ አስሮ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኛት። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። መንገድ ላይ «አያትህ እንዴት ናቸው?» አለችው። ብስክሌቱን አቁሞ መናገር ጀመረ፤ ባቡሩ ሊያመልጣት ትንሽ ነው የቀረው።