ቮልስ ይዞ ከልጅ ጋር ከአዲስ አበባ ሐዋሳ፦ የበጎ አድራጎት ጉዞ አዘገጃጀት

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በሞጆ በኩል 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደንብ የተያዘ አሮጌ ቮልስ ይህን መንገድ በአንድ ቀን ይገፋዋል። መንገድ ላይ የሚያስቀረው ማርጀቱ ሳይሆን ከመነሳት በፊት ያልታየ ትንሽ ነገር ነው።

ልጁ የሚቀመጠው ከኋላ ነውና ፍተሻውን ከዚያ ጀምሩ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። ወንበሩን ገልብጣችሁ እዩት፦ ከታች የሽቦ ሞላ፣ በላዩ ደረቅ ቃጫ መሳይ ሙሌት አለ። ሰው ሲቀመጥ ሞላው ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ከነካ ብልጭ ይላል፣ ሙሌቱም ይቀጣጠላል። ልጅ ደግሞ ወንበር ላይ መዝለሉ አይቀርም። የፋብሪካው ክዳን ከጠፋ በጫፎቹ ላይ ወፍራም ጎማ አልብሱ፣ ባትሪውን አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከቦታው ከፍ የሚል ባትሪ አታስገቡ። የዱቄት እሳት ማጥፊያ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን።

ብዙ አሮጌ ቮልሶች ከኋላ ቀበቶ የላቸውም። ስታስገጥሙ ፋብሪካው ያዘጋጀው ቀዳዳ ካለ በእሱ፣ ከሌለ ከላሜራው ጀርባ ወፍራም ብረት በማስደገፍ ይሁን። በባዶ ላሜራ ላይ የታሰረ ቀበቶ በግጭት ጊዜ ቀዶት ይወጣል። የማሞቂያውንም ቱቦ እዩ። ማሞቂያው አየሩን የሚያሞቀው በጭስ ማውጫው ዙሪያ በማሳለፍ ስለሆነ፣ የዛገ ከሆነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጁ ራሴን አመመኝ ካለ የመኪና ማዞር ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ቁሙ፣ በሮቹን ክፈቱ።

ሞተሩን ለማስተካከል ያደረ፣ ፍጹም የቀዘቀዘ ሞተር ያስፈልጋል። የቫልቭ (የሲሊንደሩ አየር ማስገቢያና ጭስ ማስወጫ በር) ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ከ1ኛው ሲሊንደር ጀምራችሁ የሞተሩን የታች ፑሊ (ቺንጋ የሚያዞረውን ክብ ብረት) ወደ ኋላ ግማሽ ዙር እያዞራችሁ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብላችሁ ጨርሱ። የሚጠብ ቫልቭ ሳይንኳኳ ነው የሚቃጠለው፤ የሚንኳኳው ቢያንስ ይነግራችኋል። የፑንቲናው (የኤሌክትሪክ መቆራረጫው) ክፍተት 0.4፣ የካንዴላው (የብልጭታ ሰጪው) ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ማቀዝቀዣውም እሱና አየር ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ሊትር ሲጎድል ትልቅ ጉድለት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ቀይሩ፣ የወንፊቱን ማጣሪያም እጠቡ።

ካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ለአዲስ አበባ ከፍታ ተብሎ ቤንዚን የሚቀንስ ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ) ተገጥሞለት ከሆነ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ አየሩ ሲወፍር ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩም ይግላል። ባቱ ላይ ካንዴላ አውጥታችሁ እዩ፦ ቀላል ቡናማ ጥሩ ነው፣ ነጭ ከሆነ ግን ቤንዚን አንሶታል።

ቺንጋውን መሃሉን በአውራ ጣት ስትጫኑት 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ። ከላላ ከዲናሞው ፑሊ መሃል አንድ ሮንዴላ አውጥታችሁ ከውጭ በኩል አስገቡት፤ አትጣሉት፣ ለሚቀጥለው ቺንጋ ያስፈልጋል። ማራገቢያው ከዲናሞው ጋር አንድ ዘንግ ላይ ስለሆነ ቺንጋ ሲበጠስ ማቀዝቀዙም ይቆማል። የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ወዲያው ዳር ያዙ። ይህን መብራት የመጠበቅ ሥራ ከፊት ለመቀመጥ ለደረሰ ልጅ ስጡት፣ በደንብ ይሠራዋል።

የቤንዚን ቱቦዎቹን ሁሉ በአዲስ ቀይሩ። ካርቡራቶሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበትን የነሐስ ቧንቧ ያዙና ወዝውዙት፤ ከተነቃነቀ አንድ ቀን ወጥቶ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ያፈሳል። ለጎማ ነፋስ ከፊት 17፣ ከኋላ 26 ፒኤስአይ ይበቃል። ጎሚስታ ለአራቱም እኩል ሲሞላ የፊቱ ይደድራል፣ መሪውም ይቅበዘበዛል።

ከዕቃ ቺንጋ፣ ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ የነዳጅ መስጫና የፍሪሲዮን ገመድ፣ ሁለት ሊትር ዘይት፣ ክሪክ ያዙ። በ75 እና በ80 መካከል ንዱ። ዳገት ላይ በ4ኛ ማርሽ እያቃሰተ አይውጣ፤ ወደ 3ኛ አውርዱት፣ ማራገቢያው በፍጥነት ሲዞር ይቀዘቅዛል። በየ80 ኪሎ ሜትሩ ደልዳላ ቦታ ቆማችሁ አምስት ደቂቃ ከጠበቃችሁ በኋላ ልጁ ዘይት ይለካ፣ ቁጥሩን በደብተር ይጻፍ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ ድርጅት ምረጡ፣ በስሙ ለማሰባሰብ የፈቀደበትን ደብዳቤ ያዙ። መዋጮው በቀጥታ በድርጅቱ ሒሳብ ይግባ፤ በግል ሒሳባችሁ ካለፈ ንጹሕ ብትሆኑም ማስረዳት ይከብዳል። ቤንዚንና ዘይት ከኪሳችሁ ይሁን። በኪሎ ሜትር ቃል ማስገባት ለልጅም ይገባዋል፦ አንድ ሰው በኪሎ ሜትር 5 ብር ቢል 275 ኪሎ ሜትር 1,375 ብር ነው፣ አርባ ሰው 55,000 ብር። ስትነሱም ስትደርሱም የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። የአሮጌ ቮልስ ቆጣሪ አንዳንዴ ይቆማልና ክፍያው በካርታው ርቀት እንደሚሰላ ቀድማችሁ ለሰጪዎቹ ንገሩ።

ሐዋሳ አድራችሁ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የ3ኛውን ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ደግማችሁ ለኩ። በብዙ አሮጌ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የእሱን አየር ስለሚሸፍንበት ከሁሉም በላይ የሚግለው እሱ ነው። 0.15 የነበረው ከ0.10 በታች ከወረደ ቫልቩ እየተሳበ ነው፣ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ፒስተን ላይ ሊወድቅ ይችላል። በዚያ ሞተር ልጅ ይዛችሁ አትመለሱ፤ መኪናውን በጭነት አስመጡት፣ እናንተ በአውቶቡስ ግቡ።